የተነካካ ካርቡሬተርን ወደ ቀልቡ መመለስ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ስትገዙ የቀድሞውን ባለቤት ሀሳብም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ሰውየው ድምፁ እንዲያጓራለት ማርሚታውን ቆርጦታል። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቆ ጥሎ በቦታው ሁለት ትንንሽ ክብ ፊልትሮዎች ሰክቷል። ከዚያ "አሁን ነዳጅ አነሰው" ብሎ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከፈተ፣ ጄት ማለትም ነዳጅ የሚለካውን ባለ ቀዳዳ ብሎን ቀየረ፣ ሲብስበትም ትራፓኖ አነሳ። በመጨረሻ ሲሰለቸው "ካርቡሬተሩ ትንሽ ጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው" ብሎ ሸጠላችሁ። ሞተሩ ይነሳል። ግን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት በዝግታ ሲዞር፣ አይረጋም፣ ጋዝ ስትሰጡት ይታፈናል፣ ሲሞቅ ደግሞ ጋዙን ከለቀቃችሁትም በኋላ እየጮኸ ይቆያል።

የኔ አቋም አንድ ነው፤ ከዚህ በታች የማወራውም ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው። የተነካካ ካርቡሬተር ላይ ሌላ ነገር አትነካኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ፋብሪካው ወደ ሠራበት መልሱት፣ ማስተካከል ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው።

በደፈናው እንዳናወራ አንድ ሞተር ሳይክል ይዘን እንሂድ፦ ያማሃ ኤክስ ኤስ 650። እ.ኤ.አ. ከ1970 አካባቢ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የተሠራ፣ 653 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ሚኩኒ ካርቡሬተር ያለው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም በየጋራዡ ጥግ አቧራ ለብሶ ይገኛል፤ መልኩ ስለሚያምርና አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ሞተር ሳይክል ቆራርጠው የራሳቸውን ቅርጽ መስጠት የሚወዱ ሰዎች አይምሩትም። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ኬኒ ሮበርትስ በ1973 እና በ1974 የአሜሪካን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ በአፈር ትራኮች ላይ ይነዳው የነበረው ያማሃ ሞተሩ የዚሁ ዘር ነው። ብዙ ሰው ፊልትሮውን የሚነቅለው ያንን እያሰበ ይመስለኛል። የውድድር ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ተከፍቶ ነው የሚሄደው። እናንተ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ትቆማላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ በዝግታ ትጠመዘዛላችሁ። ካርቡሬተር የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። በስትሮ ለስላሳ ስትጠጡ ለስላሳውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው፤ እናንተ አፋችሁ ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻ ነው የቀነሳችሁት። ካርቡሬተርም እንዲሁ ነው። አየር በጠባብ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ከታች ጽዋው ውስጥ ያለው ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣና ይበተናል። ያ ቀዳዳ ያለበት ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው ጄት የሚባለው። ቤንዚን ሙሉ ለሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ያስፈልጋል፤ ጉልበት ሲፈለግ አየሩ ወደ 13 አካባቢ ይወርዳል። ከዚህ ብዙ ከራቀ ወይ ነዳጁ በዝቶ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ወይ ነዳጁ አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ታዲያ አንድ ጄት ሁሉንም ሥራ አይችልም። ጋዙ ዝግ ሲሆንና እስከ ሩብ ገደማ ሲከፈት ትንሹ ጄት ነው የሚያዘው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ድረስ መርፌዋና መርፌዋ የምትገባበት ቱቦ ናቸው። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። ድንበራቸው እርስ በርስ ይነካካል እንጂ በምላጭ የተቆረጠ አይደለም። ዋናው ነጥብ ግን ይህን ካወቃችሁ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይቀርላችኋል፦ ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ ሞተር ዋናውን ጄት ብትቀይሩለት ምንም አይሰማውም። ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚቀይሩት እሱን ነው። ለምን? ለማውጣት ስለሚቀል ነው መሰለኝ።

የኤክስ ኤስ 650 ካርቡሬተር አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። እጃችሁ የሚያዘው ቢራቢሮ የሚባለውን ክብ ሳህን ብቻ ነው። መርፌዋን የተሸከመው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ስላይድ ግን ከእጃችሁ ጋር በገመድ አልተያያዘም፤ የሚያነሳው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ከስላይዱ አናት ላይ ዲያፍራም የሚባል ስስ ጎማ አለ። ከጎማው በላይ ያለው ክፍል በስላይዱ ታች ባለች ቀዳዳ በኩል የአንገቱን ዝቅተኛ ግፊት ይቀምሳል፣ ከጎማው በታች ያለው ክፍል ደግሞ በካርቡሬተሩ አፍ በኩል ከሚገባው ረጋ ያለ አየር ጋር የተገናኘ ነው። ሞተሩ አየር ሲፈልግ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ስላይዱ ቀስ ብሎ ይነሳል። ጋዙን በአንዴ ብትጠመዝዙት እንኳ ስላይዱ ሞተሩ የሚችለውን ያህል ነው የሚነሳው። በጣም ብልህ አሠራር ነው። ስለዚህም ነው ሲነካካ የሚያኮርፈው።

የአየር ሳጥኑ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ሳጥኑ አቧራ ማጣሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሳጥኑ ግን ለካርቡሬተሩ ጸጥ ያለ የአየር ኩሬ ነው የሚያዘጋጅለት፤ ዲያፍራሙም ግፊት የሚለካው ከዚያ ተነስቶ ነው። ሳጥኑን አውልቃችሁ ትንንሽ ፊልትሮ ስትሰኩ ከጎን የሚመጣ ነፋስ በቀጥታ አፉ ላይ ይመታዋል፣ የሚገባውም አየር ስለሚበዛ አንገቱ ላይ ያለው መሳብ ይደክማል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የአንዳንዱ ርካሽ ፊልትሮ የጎማ ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ በካርቡሬተሩ አፍ ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች መድፈኑ ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች አንዱ ለትንሹ ጄት፣ አንዱ ለዲያፍራሙ የሚሄዱ ናቸው። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ጄት ሲቀያይር ይከርማል፣ ችግሩ ግን አንድ የጎማ ከንፈር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን መመርመር ነው። የካርቡሬተሩን ዓይነት እወቁ፤ በኤክስ ኤስ 650 ላይ እስከ 1979 ድረስ ቢኤስ 38፣ ከ1980 ጀምሮ ቢኤስ 34 ነው የተገጠመው። የቀድሞ ባለቤት ከሌላ ዓመት ሞተር ሳይክል አውጥቶ ገጥሞት ሊሆን ስለሚችል በሞተር ሳይክሉ ዓመት ብቻ አትመኑ፣ አካሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከዚያ የዚያን ዓመት የጥገና መጽሐፍ ፈልጉ። የጄት ቁጥሮቹ ከዓመት ዓመት ይለያያሉ፤ "ለኤክስ ኤስ ይህ ቁጥር ነው" የሚላችሁን ሰው "የስንት ዓመቱ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት ግን ሌላውን ሁሉ ጨርሱ። ይህ አሰልቺ ምክር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ካርቡሬተር ተብሎ ከሚታማው ችግር ብዙው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው። የካም ሰንሰለቱ ተወጥሯል? የቫልቭ ክፍተቱ ልክ ነው? እስከ 1979 ያሉት ኤክስ ኤሶች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ፑንቲና (ካንዴላው እሳት የሚተኩስበትን ጊዜ የሚወስን የኤሌክትሪክ መገናኛ) አላቸው፤ ክፍተታቸውና የሚተኩሱበት ጊዜ ካልተስተካከለ አንዱ ሲሊንደር ሁልጊዜ ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እናንተም የዚያን በኩል ካርቡሬተር ትወነጅላላችሁ። ኮምፕረሽንም፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለኩ። ከዚያ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሀል ያሉትን የጎማ አንገቶች እዩ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር በየትኛውም ጄት አልተለካም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በዚያ ዙሪያ ትንሽ የካርቡሬተር ማጽጃ ንፉበት፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው። ግን ማርሚታው የጋለ መሆኑን አትርሱ፣ የምትነፉት ነገር ተቀጣጣይ ነው። ጋዙን ከለቀቃችሁት በኋላ እየጮኸ የሚቆይ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

አሁን ይፈታ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጃፓን ብሎኖች ራሳቸው መስቀል ቢመስልም ከተለመደው የመስቀል ካቻቪቴ ጋር አይስማሙም፣ ጄአይኤስ የሚባል የራሳቸው ልክ አላቸው። ተራውን ካቻቪቴ ከተጠቀማችሁ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል፣ ከዚያ ግማሽ ቀናችሁ አንድ ብሎን በማውጣት ያልቃል። ሁለቱን ካርቡሬተሮች ደግሞ በአንዴ አትበትኑ። አንዱን ፈታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ገጥማችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ የጠፋችሁ ነገር ካለ ያልተፈታው ይመሰክርላችኋል። ከሁለቱ ውስጥ ያለው የተለያየ ከሆነ ደግሞ እሱም ራሱ መረጃ ነው፣ ጻፉት።

ምን ትፈልጋላችሁ? በመጀመሪያ ጄቶቹን። ቁጥራቸውን አንብቡ፣ ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ፤ ጠርዙ የተቧጨረ ወይም ክብነቱን ያጣ ከሆነ በትራፓኖ ተበስቷል። እንዲህ ያለው ላይ አትከራከሩ፣ አዲስ ግዙ፣ ውድ ዕቃ አይደለም። የሚኩኒን ቁጥር ከሌላው ካርቡሬተር ሠሪ ከኬይሂን ቁጥር ጋር አታወዳድሩ፤ አለካካቸው የተለያየ ስለሆነ ተመሳሳይ ቁጥር ተመሳሳይ ነዳጅ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መርፌዋ። ከሥሯ ትንንሽ ሮንዴላ የተደረገባት ከሆነ ሰውየው መሀሉ ላይ ነዳጅ ለመጨመር አንስቷታል። በማስተካከያ ዕቃ ስብስብ የሚመጡ መርፌዎች ደግሞ ሹልነታቸው ከዋናው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፦ የድሮው የፋብሪካ ነሐስ ካልተበላሸ አጽድታችሁ መልሱት፣ ከርካሹ ስብስብ ውስጥ ጎማውንና ጋርኒሲዮኑን ብቻ ተጠቀሙ። መርፌዋ የምትገባበትን ቱቦ ግን በደንብ እዩት። መርፌዋ ለዓመታት እየፈተገችው ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይሄዳል፣ በዚያ ክፍተት ከልክ ያለፈ ቤንዚን ይወጣል፤ ምንም ሳይነካካ እንኳ መሀል ላይ ነዳጅ የሚበዛበት ሞተር ጥፋቱ እዚህ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስላይዱ። ታቹ ያለችው ቀዳዳ ሰፍታ ከሆነ ወይም ላይ ያለው ሞላ ተቆርጦ ከሆነ አላማው ስላይዱ ቶሎ እንዲነሳ ነው። ቶሎ ይነሳል፣ እውነት ነው። ግን ሞተሩ ገና አየር ሳይፈልግ አንገቱ ይሰፋል፣ አየሩ ይዘገያል፣ መሳቡ ይጠፋል፣ ሞተሩ "ዋ" ብሎ ይታፈናል። ሞላውን በአዲስ ቀይሩ፣ ሁለቱም እኩል ቁመት ይኑራቸው። ለተበሳው ስላይድ ግን ያገለገለ ያልተነካ ስላይድ መፈለግ ነው የሚሻለው። ቀዳዳውን ደፍኖ በልኩ እንደገና መብሳት ይቻላል፣ ጥሩ የብረት ሠራተኛ ያደርገዋል፤ ሁለቱን እኩል ማድረግ ግን ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

ዲያፍራሙን አምፖል ፊት ዘርግታችሁ እዩት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ካሳለፈ ስላይዱ አይነሳም፣ ወይም ግማሽ ይነሳል፤ ሞተሩም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እምቢ ይላል። ክዳኑን ከገጠማችሁ በኋላ ስላይዱን በጣታችሁ አንሱት፣ ታቹ ያለችውን ቀዳዳ ድፈኑና ልቀቁት። ጎማው ጤነኛ ከሆነ ስላይዱ ተንጠልጥሎ ይቆያል ወይም በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዱብ ካለ ይተነፍሳል ማለት ነው። የሚነፋ ካርቡሬተር ማጽጃ እዚህ ጎማ ላይ እንዳይደርስ፤ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ቦታው አይገባም።

ጽዳቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የትንሹ ጄት ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ ስለዚህ በብረት ሽቦ አትጎርጉሩት፤ ለስለስ ያለ የመዳብ ክርና የታመቀ አየር ይበቃል። የካርቡሬተሩ አካል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ከአንዱ ጫፍ ስትነፉ በሌላው መውጣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ቢራቢሮው የሚዞርበትን ዘንግ ያዙና አወዛውዙት። ቢኤስ 38 ላይ የዘንጉ መድፈኛዎች ያልቃሉ፣ በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ከዚያ ሚኒሞው መቼም አይረጋም።

ተንሳፋፊው በጽዋው ውስጥ ያለውን የቤንዚን ከፍታ ይወስናል። ከፍታው ከተዛነፈ ሁሉም ነገር አብሮት ይዛነፋል፤ ሚኒሞው፣ መሀሉ፣ ሙሉው። ልኩን ከመጽሐፉ ወስዳችሁ ስትለኩ ካርቡሬተሩን አዘንብሉት፣ የተንሳፋፊው ምላስ መዝጊያዋን መርፌ ነክቶ ውስጧ ያለችውን ትንሽ ሞላ ሳይጫን ለኩ። ሙሉ ለሙሉ ገልብጣችሁት ከለካችሁ ክብደቱ ሞላዋን ስለሚጫን ውሸት ይነግራችኋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ትንሽ ብሎን እንምጣ፣ የሚኒሞን ድብልቅ የምታስተካክለው። በአንዳንድ ካርቡሬተር ይህች ብሎን የምታዘው አየርን ነው፣ በሌላው ነዳጅን። የምትለዩት በቦታዋ ነው። በስላይዱና በአየር ማጣሪያው መሀል ካለች አየር ናት፣ ስትፈቷት ነዳጁ ያንሳል። በስላይዱና በሞተሩ መሀል ካለች የነዳጅ ናት፣ ስትፈቷት ነዳጁ ይበዛል። የኤክስ ኤስ 650 የነዳጅ ናት። አንዱን በሌላው የተረዳ ሰው ባሻሻለ ቁጥር እያባሰው ይሄዳል። አሜሪካ የተሸጡት የ1980 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ሞተር ሳይክሎች ላይ በጭስ ሕግ ምክንያት ብሎኗ በነሐስ ክዳን ተደፍናለች፤ ክዳኑ ካለ ውስጥ ያለው ጎማ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ አውጡት። ብሎኗን እስክትነካ ድረስ ዝጉ፣ አታጥብቁ፣ ጫፏ ቀጭን ስለሆነች ትሰበራለች። ከዚያ መጽሐፉ ያለውን ያህል ፍቱ።

ሁለቱን ማመሳሰል የመጨረሻው ሥራ ነው። ቢራቢሮዎቹ እኩል ካልተከፈቱ አንዱ ሲሊንደር ሌላውን እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ እጃችሁ ላይ የምትሰማችሁ መንቀጥቀጥም ከፊሏ ከዚያ ነው። የቫኩም ሰዓት ካላችሁ ደግ። ከሌላችሁ ረጅም ግልጽ ቱቦ በግማሽ ዘይት ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በሁለቱ የቫኩም ቀዳዳ ላይ ሰኩ፤ ዘይቱ እኩል እስኪቆም ድረስ የማያያዣውን ብሎን አስተካክሉ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ይጠጣዋል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ በዓይን አቀራርቧቸው፣ ቱቦውም ረጅም ይሁን። ሚኒሞው 1,200 ዙር አካባቢ ላይ ሲረጋ ለመንገድ ዝግጁ ነው።

መንገድ ላይ በግምት አትሂዱ። ጋዝ እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ሙሉ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሲታፈን ምልክቱ የት ላይ እንደነበር ካያችሁ የትኛው ክፍል እንደሆነ ታውቃላችሁ። መሀል ላይ ሲደክም ቾኩን ትንሽ ሳቡት፤ ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፣ ከባሰበት በዝቶበታል። ሙሉ ጋዝ ላይ ሆናችሁ እጃችሁን ትንሽ ስትመልሱ ሞተሩ ከፈጠነ ዋናው ጄት አንሷል። የካንዴላ ቀለም ማንበብ የሚወዱ አሉ፤ በዛሬው ቤንዚን ግን ቀለሙ እንደ ድሮው ግልጽ ስላልሆነ እኔ እንደ ማረጋገጫ እንጂ እንደ ዳኛ አልወስደውም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

የአየር ሳጥኑ ጨርሶ ካልተገኘስ? ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ጋር አጥብቃችሁ ፈልጉ፣ ለኔ ከማንኛውም ጄት ይልቅ ለእሱ መክፈል ይሻላል። ክፈፉ ተቆርጦ የማይገባ ከሆነ ግን ከንፈራቸው ቀዳዳዎቹን የማይደፍን ጥሩ ፊልትሮዎች ግዙ፣ ከፋብሪካው ጄት ተነሱና ዋናውን በአንድ ደረጃ፣ ካስፈለገም ትንሹን በአንድ ደረጃ ጨምሩ። ከሩብ እስከ ግማሽ ባለው ላይ እንደ ፋብሪካው ለስላሳ ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ለደጋ ሰዎች። የመጽሐፉ ቁጥር የተሰላው ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ ቦታ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ እዚያና በአጠገቧ አውሮራ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ጄቱ ግን ይህን አያውቅም፤ ድብልቁ አንድ አስረኛ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። በግፊት የሚነሳው ስላይድ ከፊሉን ራሱ ያካክሳል፣ በገመድ የሚነሳው ግን አያካክስም። ስለዚህ በሀገር ቤት ነጠላ ካርቡሬተር ባለው አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ "ጉልበት እንዲጨምር" ተብሎ ትልቅ ጄት ሲገባ ድርብ ጥፋት ነው፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ጉልበቱም አይመጣም። ደጋ ላይ ዋናውን ጄት በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ መቀነስ ያስኬዳል። ግን የወጣውን ጄት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው አዋሽ ስትወርዱ፣ ወይም ድሬዳዋ ስትዘልቁ፣ አየሩ ይወፍራል፣ ለደጋ የተቀነሰው ጄት እዚያ ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር በቆላ ሙቀት፣ በሜዳ መንገድ፣ በሙሉ ጋዝ ለረጅም ጊዜ ሲሄድ ፒስቶን ያቀልጣል። ከመውረዳችሁ በፊት መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ጋዙን ግማሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።